የበዛብህ የክርስትና ስም

ሠርካለም ሰው ያለ ምክንያት ደግ ይሆናል ብላ የምታምን ሴት አልነበረችም። ጎረቤት ፈገግ ያለላት እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ስትል ትሰነብታለች። ይህ ጠባይዋ ለትዳሯ እምብዛም ባይመችም ለሥራዋ ተመችቷል። ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ካለው ቤቷ ብዙም በማይርቅ ፋርማሲ ጓዳ ውስጥ መድኃኒት እየቆጠረች በብልቃጥ ትሞላለች፤ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ስም ሦስት ጊዜ ሳታነብ ከእጇ አይወጣም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ብልቃጥ ለማይገባው ሰው አልሄደም። ይህንን ደግሞ ባትጠየቅም ትናገራለች።

በሐምሌ ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ምሳዋን ይዛ ከፋርማሲው ጓሮ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠች የማኅበሩ መልእክት በስልኳ ገባ። ማኅበሩ «የወይራ ውኃ ተወላጆች ማኅበር» ይባላል። ስሙ ነው እንጂ የገዘፈው፣ በሲያትልና በዙሪያዋ የተበተኑ አሥራ አራት ቤተሰቦች ናቸው። ወይራ ውኃ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለች፣ ከሚካኤል ደብሯ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የሌላት መንደር ናት። ማኅበሩ በዚያ ደብር ቅጥር ግቢ፣ ከመንደሩ ወደ ጦርነት ሄደው አስከሬናቸው ላልተመለሰ ልጆች የመታሰቢያ ድንጋይ ለማቆም ከወሰነ ዓመት አልፎታል። ድንጋዩ ደብረ ብርሃን ካለ ጠራቢ እጅ ገብቷል፤ ለኅዳር ሚካኤል መቆም አለበት።

ድንጋዩ ላይ እያንዳንዱ ሟች በሁለት ስም ይጻፋል፤ ከላይ ሰው የሚጠራው ስሙ፣ ከሥሩ የክርስትና ስሙ። ይህን ያዘዙት የደብሩ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። «ጸሎት ሲደርስ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። እሱ ካልተጻፈ ለእኔ ድንጋይ ነው፤ ሰው ይቀመጥበት» ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል። ስለዚህ በየቤቱ ስልክ ተደውሎ፣ አሮጊቶች ተጠይቀው፣ የተረሳውም ተፈልጎ ተገኘ።

«የመጨረሻው ዝርዝር ነው» ይላል መልእክቱ። «ስሕተት ካለ እስከ ቅዳሜ ስብሰባ አሳውቁን፤ ጠራቢው ማክሰኞ ይጀምራል።» የላከው የማኅበሩ ጸሐፊ ክፍሌ ነው።

ሠርካለም ዝርዝሩን የከፈተችው የሰው ስሕተት ለማረም ነበር። የራሷን ጉዳይ ልታይ አይደለም፤ ከእሷ ቤት ለድንጋዩ የተሰጠ ስም የለም። እያኘከች አሥራ ስድስቱን ስም አነበበች፣ አንድ የተዛነፈ ፊደልም አገኘችና ደስ አላት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ማኘኳን አቆመች። «በዛብህ ምንዳዬ» ይላል። ወንድሟ ነው።

ደሟ ፈላ። በዛብህ በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ወደ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም፤ ይህ እውነት ነው። ሞተ ብሎ ቤተሰቡን ያረዳ ግን የለም። የቀበሌ ሰዎች መርዶ ሲያዞሩ ስሙ ከወረቀታቸው ላይ አልነበረም፤ ከሞቱትም ከቆሰሉትም አልተጻፈም። እናቷ ወይዘሮ አገሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አላለቀሱም፣ ፍትሐት አላስፈቱም፣ ጥቁር አልለበሱም። የሣር ቤታቸው በቆርቆሮ ሲለወጥ እንኳ በሩ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል አሉ፤ ልጃቸው ሲመጣ እንዳይደናገረው። ማኅበሩ ስም ሲሰበስብ ሠርካለም ደውላ ብታማክራቸው፣ «ከእኔ ቤት የሞተ የለም። የሞተባቸው ያስጽፉ» ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

«የሰው ልጅ ገድሎ ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባ ማን ነው?» ብላ ልትደውል ጣቷን ስትዘረጋ ዓይኗ ከስሙ ሥር ወዳለው ወረደ። «ተክለ አልፋ» ይላል።

ሹካዋን አስቀመጠች። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ እንደ ብልቃጥ።

ወይዘሮ አገሬ ከበዛብህ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብረዋል። የሁለቱንም የክርስትና ስም ሰው አውቆ ድግምት ደገመባቸው ብለው ያምናሉ፤ ከዚህ እምነታቸው የሚያነቃንቃቸው ቄስም አልተገኘም። ስለዚህ በዛብህን ክርስትና ያነሡት የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘው ከሌላ ደብር ነው፤ ስሙንም ለባላቸውም ለአማታቸውም አልተናገሩም። የክርስትና አባቱ ከጦርነቱ በፊት ሞቷል። ሠርካለም ራሷ የሰማችው ወደ አሜሪካ ልትሄድ መኪና እየጠበቃት ሳለ ነው፤ እናቷ ጆሮዋን ይዘው፣ «እዚያም ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። በዚህ ስም ለጤናው ጸልዪለት» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን በወረቀት ጽፋው አታውቅም። ለባሏም አልነገረችውም። ለባሏ ያልነገረችው ብዙ ነገር አለ፣ ይህ ግን ከሁሉም የጠለቀው ነው።

ታዲያ ስልኳ ላይ ምን ይሠራል?

የዚያን ዕለት ምሽት፣ ወይራ ውኃ ሲነጋ፣ መሪጌታ ጋ ደወለች።

«መሪጌታ፣ የወንድሜን ስም ለማኅበሩ የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ኧረ ልጄ፣ ከእናንተው ነው የመጣልኝ» አሉ። «እንዲያውም አገሬ በመጨረሻ እሺ አለች ብዬ እፎይ ብዬ ነበር። እሺ አላለችም እንዴ?»

«ለእሷ ነግረዋታል?»

«አልነገርኋትም። ግን ምን ዋጋ አለው? ኅዳር ሚካኤል ስሞቹ በአደባባይ ሲነበቡ እሷም ከሕዝቡ መካከል ናት። አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም።»

ሠርካለም ይህን አላሰበችውም ነበር። እናቷ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ከሰው ሁሉ የደበቁትን ስም ከሙታን መካከል ሲጠራ በሕዝብ ፊት ሊሰሙት ነው። ስሙን ያስገባው ሰው ቀልዶም ይሁን ተንኮል አስቦ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ ማን እንደሆነ ማወቅ አለባት። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው፤ አይፋቅም።

ማን ይሆናል? ዝርዝሩን የጻፈው ክፍሌ ነው። ክፍሌን ደግሞ ሠርካለም ድሮም አታምነውም።

ክፍሌ የመንደሯ ልጅ፣ የበዛብህ እኩያ ነው። በአንድ የገበያ ቀን አብረው ተመልምለው ሄዱ። ክፍሌ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ለጥቂት ቀን ወደ መንደር ሲመለስ ወይዘሮ አገሬ እስከ ወንዙ ድረስ ሮጠው ተቀበሉት። «ከማሠልጠኛ በኋላ ተለያየን እማማ፤ ያኔ ግን ደህና ነበር» አላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የተደገፉት በዚህች ቃል ነው። በኋላ የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ወደ ሲያትል መጣ፤ አሁን ከከተማዋ በስተደቡብ ዴ ሞይን ይኖራል፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳል።

እና ደግ ነው። ችግሩም እሱ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር ሳይጠራ ከዴ ሞይን ድረስ መጥቶ የሠርካለምን ደጃፍ ይጠርጋል። ልጇ ናርዶስ ስትወለድ ሆስፒታል ከባሏ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ቤቷ ገብቶ ግን እህል ቀምሶ አያውቅም። ሞተሩን ሳያጠፋ ከደጅ ይቆማል፤ ግባ ሲሉት «ሥራ አለብኝ» ይላል። ሠርካለም ለዓመታት ምክንያቱን ስትፈልግ ኖራለች። መጀመሪያ ሊያገባኝ ነው አለች፤ እሷም አገባች፣ እሱም አገባ፣ ደግነቱ ግን አልቀነሰም። ከዚያ የማኅበር ድምፅ ፈልጎ ነው አለች፤ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጠ፣ በረዶውን መጥረግ ግን አልተወም።

«ማም፣ ሂ ኢዝ ጀስት ናይስ» አለቻት ናርዶስ፣ ዓርብ ማታ እናቷ በሳሎኑ ስትንጎራደድ አይታ።

«ያለ ምክንያት ናይስ የሚባል ሰው የለም» አለች ሠርካለም። በልቧ ወጥመዱን እየሠራች ነበር።

ቅዳሜ ዋይት ሴንተር ካለው አዳራሽ ማንም ሳይመጣ ደረሰች። ክፍሌ ቫኑን ፓርክ አድርጎ፣ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዞ ወረደ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ነጥቷል።

«ሠርክዬ! ዛሬስ ቀደምሽኝ። ምነው፣ በሰላም?»

«ጋሽ ክፍሌ፣ ዝርዝሩ ላይ ስሕተት አለ።»

«ኦኬ፣ የት ጋ?» ብዕሩን አወጣ።

«አሥራ ሰባተኛው ላይ። የወንድሜ የክርስትና ስም ተክለ አልፋ አይደለም፤ ወልደ ሰንበት ነው። አስተካክለው።»

ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ስሙን ከሰው ሰምቶ ጽፎት ከሆነ ይቅርታ ብሎ ያስተካክላል፤ ማንኛውም ጸሐፊ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፈጥሮት ከሆነም ያው ነው። ክፍሌ ወረቀቱን በቫኑ ጎን ላይ አስደግፎ አሥራ ሰባተኛውን ፈለገ። ብዕሩ ግን ወረቀቱን አልነካም።

«ማን አለሽ?» አላት።

«እህቱ አይደለሁ? ማን ሊለኝ ነው?»

«እማማ አገሬ ናቸው?»

«አዎ» ብላ ዋሸች።

«ተሳስተው ይሆናል። ዕድሜ ነው…»

«እናት የልጇን የክርስትና ስም ትሳሳታለች?»

ክፍሌ ብዕሩን ከደነው። «ሠርክዬ፣ ሌላውን ሁሉ ቀይር በይኝ። ይሄን አልቀይረውም። ልክ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሠርካለም ወጥመዷ ሲይዝ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። አላላትም። እናቱ ከዓለም የሸሸገችለትን ስም አንድ ወታደር አውጥቶ ለጓደኛው የሚነግረው መቼ እንደሆነ ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ቫኑ ውስጥ ገብታ ከመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክፍሌ ከደረጃው ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

«አልተለያየንም» አለ። «እስከ መጨረሻው አንድ ጋንታ ነበርን። የካቲት ላይ ነው፤ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እሱን ጭኑ ላይ መታው፣ እኔን ክንዴን። እስከ አንድ ደረቅ ወንዝ ጎተትኩት። ደሙን በጫማዬ ገመድ አሰርኩት፣ በሸሚዜም አሰርኩት፤ እምቢ አለ። ‹ውኃ› አለኝ። ኮዳዬን ገለበጥኩት፤ ጠብታ የለውም። የእሱም ባዶ ነው። ደግሞ ‹ውኃ› አለኝ። ምን ላድርግ ሠርክዬ? ሶ… አፉን በእጄ ላብ አበስኩለት። ከዚያ ጠጋ በል አለኝና ስሙን ነገረኝ። ‹ለሚካኤል ስጥልኝ። ለእማዬ እንዳትነግር፤ አትችለውም› አለኝ። ሌላ አልተናገረም።»

በመንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ።

«መንደር ስመለስ ለመሪጌታ ልሰጥ ነበር፤ እምልልሻለሁ» አለ። «ግን እማማ ወንዙ ድረስ ሮጠው መጡ። ነጠላቸው ወድቆ አላነሡትም። ‹ልጄስ?› አሉኝ። ደህና ነበር አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ። ጉልበቴን ሳሙኝ። ጉልበቴን! ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው? በየዓመቱ ልናገር እልና በየዓመቱ ይብስብኛል። አሁን ድንጋዩ ሲመጣ፣ ያለ እሱ ስም ሊቆም ሲሆን አልቻልኩም። ስሙን ብጽፍ መሪጌታ ሰጥተውት ነው የምትሉ መስሎኝ ነበር። የክርስትና ስም ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አይደል? እንደተደበቀ በምን ላውቅ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት!» አለች ሠርካለም። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «በር እንዳይነቀል አድርጋ ስትጠብቀው! አንተ እዚህ በረዶ ትጠርጋለህ!»

«አዎ» አለ ክፍሌ።

ብዙ ተናገረችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማይወጣት ቃል ሁሉ ወጣት። የማኅበሩ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ መጥተው፣ ከቫኑ ራቅ ብለው ቆሙ። በመጨረሻ ስድቧም እንባዋም አለቀ። ክፉ የምትለው ሰው ፈልጋ ነበር። ያገኘችው አንዲት ሴት ስትሮጥ አይቶ ልቡ የራራ የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ነገ ማታ ቤቴ ትመጣለህ» አለችው። «ሞተሩን አጥፍተህ።»

መርዶ ለብቻዋ ላለች እናት በስልክ አይነገርም። እሑድ ጠዋት ሠርካለም ለመሪጌታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ዘመድ ሰብስበው በማለዳ ወደ ወይዘሮ አገሬ ቤት እንደሚሄዱ፣ ስልካቸውንም ከፍተው እንደሚይዙላት ቃል ገቡ። የወይራ ውኃ ማለዳ የሾርላይን ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። በሐምሌ ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ገና አልጠለቀችም። ክፍሌ መጣ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ስልኩን በመካከላቸው አስቀመጠችው።

መጀመሪያ የሰው እግር ተሰማ፤ የበር ሲጢጥታ፤ ከዚያ የወይዘሮ አገሬ ድምፅ።

«ምንድን ነው እንዲህ በጠዋት ተሰብስባችሁ? ማን ሞተ? በዛብህ እንዳትሉኝ። ማን አየ? ያየ አለ? ወሬ ነው። ያየ ካለ ይምጣና ይንገረኝ!»

ሠርካለም ድምፁ የራሷ መሰላት። ያን ሁሉ ጥርጣሬ ከየት እንዳመጣችው ድሮም ታውቃለች።

«እኔ አይቻለሁ እማማ» አለ ክፍሌ። «ክፍሌ ነኝ።»

«አንተ? አንተማ ደህና ነበር ብለኸኛል።»

«ዋሽቼዎት ነው እማማ። አብሬው ነበርኩ።»

«አሁንስ እየዋሸህ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

ክፍሌ ሠርካለምን አያት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ «የክርስትና ስሜ ተክለ አልፋ ነው፣ ለሚካኤል ስጥልኝ አለኝ» አለ።

ሠርካለም መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አነሣች። አልተቋረጠም። ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል።

«ራሱ ነገረህ» አሉ ወይዘሮ አገሬ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «እንግዲያው ብቻውን አልነበረም።»

«አልነበረም እማማ።»

«ክፍሌ።»

«አቤት እማማ።»

«ውኃ ቀምሶ ነበር?»

ክፍሌ ዓይኑን ወደ ሠርካለም አነሣ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ብልቃጥ አሳስታ ያልሰጠችው፣ የሰው ቃል ሳትመረምር የማታሳልፈው ሠርካለም፣ እጇን ዘርግታ የክፍሌን እጅ ያዘች። ጭንቅላቷን ነቅንቃ «አዎ በላት» አለችው።

«ጠጥቷል እማማ» አለ ክፍሌ። «እስኪረካ ጠጥቷል።»

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ አገሬ፤ ከዚያ ለሃያ ስድስት ዓመት የያዙትን ልቅሶ ጀመሩ።